ጫፉ ያልተደበቀ ሰደርያ

መስከረም 28

ጩጬዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እየበላህ ነው ወይ?» ላልሽው፣ አዎ እየበላሁ ነው። «ምን?» ብለሽ እንደምትመለሺ ስለማውቅ ከወዲሁ ልንገርሽ፤ ሾርባ። ነገም ሾርባ። የተካንኩት እሱ ላይ ብቻ ነው። «ለምን አትደውልም?» ላልሽው ደግሞ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። ዕድሜውን ሙሉ ከአውቶቡስ ሞተር ጋር ሲጯጯህ ኖሮ አሁን በስልክ የሚሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? የእኔ ከባዳም አልፎ ጭራሽ ቤቱን ለቆ ሄዷል። ስለዚህ እንጻጻፍ።

የእትዬሽን ልብሶች ምን እንዳደረግኳቸው ጠይቀሻል። ምንም። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ሚስቴን ቀብሬ ሐዘኑ ካለቀ አንስቶ የነካሁት ነገር ቢኖር መስኮቱ ሥር፣ ከወንበሯ አጠገብ ያለውን የክር ቅርጫት ነው። እሱንም ልጠርግ ብዬ ነው ያነሣሁት። ውስጡ ያንቺ ሰደርያ አለ። ጀርባው አልቋል። የፊት ግራውም አለ። የፊት ቀኙ ግን አልተጀመረም። ያቺ ጫፏ ቆልመም ያለች የኪሮሽ መርፌዋ የክሩ ድብልብል ላይ ተሰክታለች፤ ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ የሄደች ነው የሚመስለው።

ምን ላድርገው? እንዳለ ልላክልሽ ወይስ የሚችል ሰው ፈልጌ ላስጨርሰው? ቅርጫት ውስጥ እንዲቀር ግን አልፈልግም። ለአንቺ የተባለ ነው፣ ለአንቺ ይድረስ።

መቼ እንደምመጣ ደግመሽ ጠይቀሻል። የመስኮቷን አበቦች ማን ያጠጣል?

ወንድምሽ


ጥቅምት 10

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነህልኝ?

ደብዳቤህን ያነበብኩት ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። «ሾርባ። ነገም ሾርባ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። ቀጥሎ ቅርጫቱ ጋ ደረስኩና አለቀስኩ። እንኳንም ሄደችልኝ።

ሰደርያውን ለማንም እንዳትሰጥ። ወደ እኔም እንዳትልከው። አንተው ጨርሰው።

አሁን «እኔ?» ብለህ ጮክ ብለህ እንደተናገርክ አውቃለሁ። አዎ፣ አንተ። እኔ ብይዘው በጥቂት ቀን ያልቃል፤ እሱ አይደለም ጉዳዩ። አንተ እዚያ ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጠህ ግድግዳ ስታይ እዚህ ሆኜ ይታየኛል። ግድግዳ ከምታይ ክር እይ። ደግሞ ያረጀ ሞተር በትነህ ስትገጥም የኖርክ ሰው አንዲት መርፌ አታቅትህም።

ለምን እጅጌ እንደሌለው ሳትገረም አልቀረህም። የምሠራበት የአበባ ማሸጊያ ክፍል አበቦቹ እንዳይጠወልጉ ተብሎ ቀኑን ሙሉ እንደ ማቀዝቀዣ ይበርዳል። ለአበቦቹ ደግ ነው፤ እኛን ማንም አልጠየቀንም። እጅጌ ያለው ሹራብ ደግሞ ማሽኑ ይጎትተዋል ተብሎ ተከልክሏል። ለዚህ ነው እትዬን ከሸሚዝ በላይ፣ ከሥራ ካፖርት በታች የሚለበስ ነገር ሥሪልኝ ብዬ የለመንኳት። እሷ ደግሞ ለምኛት እምቢ ብላኝ አታውቅም። ከእናታችን ሞት በኋላ ወደ ቤታችሁ ስታመጣኝ፣ ማልቀሴን እንድተው መጀመሪያ እጄ ላይ ያስቀመጠችልኝ ያቺኑ መርፌ ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። መርፌዋን እንደ እርሳስ ያዛት። ክሩን በግራ ሌባ ጣትህ ላይ አሳልፈው። በክሩ አንድ ቀለበት ሥራ፤ መርፌዋን አስገባና ክሩን ጠልፈህ በቀለበቱ ውስጥ ሳበው። እሱን ነው እትዬና እኔ «አንድ ዓይን» የምንለው። በዓይኑ ውስጥ ሌላ ዓይን፣ በዚያ ውስጥ ሌላ፤ ሰንሰለት ይሆናል። ሰንሰለቱ ከፊት ግራው የታች ጠርዝ ጋር ሲስተካከል ዙርና በላዩ ላይ ተመለስ። ሌላው ሁሉ የዚሁ ድግግሞሽ ነው። መጀመሪያ በሌላ ክር ተለማመድ። ደረት ላይ ስትደርስ ደግሞ አቁምና ጻፍልኝ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ያን ጊዜ እነግርሃለሁ።

አበቦቹን ጎረቤት ያጠጣል።

ጩጬህ


ኅዳር 2

ጩጬዬ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል?

እኔ ደህና ነኝ፤ ጣቶቼ ግን ስለ ራሳቸው ይናገሩ። ያልሽውን ሁሉ አደረግኩ። ሰንሰለቱ ወጣ። ዞሬ በላዩ ልመለስ ስል ግን መርፌዋ አልገባ አለች። ገፋኋት፤ ወይ ፍንክች! ዘይት ልቀባት ሁሉ አስቤ ነበር።

ችግሩን ያገኘልኝ ኮሎኔሉ ነው። ኮሎኔሉን አልረሳሽውም፤ የጋራዣችን ዘበኛ፣ ወታደር ሆኖ የማያውቀው፣ ማዕረጉን ጺሙ የሰጠው። በምሳ ሰዓት አንድ የቆመ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተደብቄ ስሠራ ያዘኝ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«የሞተር ጋስኬት ነው» አልኩት።

ቀስ ብሎ ዳሰስ አደረገው። «እንግዲህ ይኼ ጋስኬት ዘይትም አያሳልፍ፣ ውኃም አያሳልፍ» ብሎኝ ሄደ።

እውነቱን ነው። ለካ እያንዳንዷን ዓይን እንደ ብሎን ነው የማጠብቃት። እጄ የሚያውቀው እሱን ነው፤ የላላ ነገር ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። የላላ ብሎን ሰው ይጨርሳላ! አሁን እንግዲህ ኮሎኔሉ ማንም እንዳይመጣብኝ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅልኛል። በምላሹ ኮፍያ እንድሠራለት ቃል አስገብቶኛል። ጺሙን የሚሸፍን ቢሆን ደስ ባለኝ።

በግራሶ እጁ ክሩን ያበላሸዋል ብለሽ እንዳትሰጊ፤ መጀመሪያ በሰጋቱራ፣ ቀጥሎ በሳሙና ነው የምታጠበው። ለሠርጌም እንዲህ አልታጠብኩም። ቤቱ ጸጥ አይልም ወይ ብትዪኝ፣ ይላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌላ ሰው የሠራው ላይ ስህተት ሲገኝ ምን ይደረጋል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ለመምጣቱ፣ ሰሞኑን ጉልበቴ ደህና አይደለም።

ወንድምሽ


ኅዳር 16

ወንድም ጋሼ፣ ጉልበትህን እንዴት አደረገህ? ባለፈው አበቦቹ ነበሩ፤ ቀጥሎ ማን እንደሚታመም እያሰብኩ ነው።

የጋስኬቱን ወሬ ለሥራ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። አለቃችን ሳይቀር ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ደግሞ አይተን አናውቅም። አሁን ጠዋት ጠዋት «ጋስኬቱ የት ደረሰ?» ብላ ትጠይቀኛለች። እንግዲህ ብታቆም የምታሳፍረኝ እኔን ነው።

ክር ብሎን አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። ዓይኗን ከጨረስክ በኋላ አትሳባት። ክሩ በጣትህ ላይ ይለፍ እንጂ ጣትህ ክሩን አይነቀው። እትዬ ስታስተምረኝ ምን ትለኝ ነበር መሰለህ? «ለሚቀጥለው መግቢያ ተይለት።» ስትሠራ እጇን አይተኸው ከሆነ፣ የሚያንቀላፋ ሕፃን የያዘች ነበር የምትመስለው። በአንድ ቀን አትችለውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተ እንቁላል ገና አልተፈለፈለም፣ እሱ ነው ነገሩ።

ስለ ስህተት ለጠየቅከው፣ ይተረተራል። የኪሮሽ ደግነቱ ይኼ ነው፤ ክሩን ስትስበው ዓይኖቹ ተራ በተራ ይለቃሉ፣ ክሩ ግን እንዳለ ይመለስልሃል። የራስም ይተረተራል፣ የሌላ ሰውም ይተረተራል። እትዬ የእኔን ሥራ ስንት ጊዜ ተርትራ «እንደገና» ብላኛለች፤ አኩርፌ ልተኛ ስሄድ ክሩን ጠቅልላ ትራሴ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። መተርተር ነውር የለውም።

ግን ለምን ጠየቅከኝ? «እንዲያው ለማወቅ ያህል» የምትለው ነገር ሲኖርህ ነው። አውቅሃለሁ። ንገረኝ።

ጩጬህ


ታኅሣሥ 5

ጩጬዬ፣

ሰላምታውን ዛሬ ባጭሩ ልለፈው። ደህና ነኝ፤ አንቺም ደህና ሁኚልኝ።

የፊት ቀኙ አልቋል። እጄ ለቀቅ አለልኝ፤ ኮሎኔሉ ራሱ «አሁን ልብስ መሰለ» ብሏል። ደረት ላይ ስደርስ እንዳቆም ነግረሽኝ ነበር፤ ያን ቀን እጄ ሞቆልኝ ነበርና አላቆምኩም። ከታች እስከ ትከሻ እንደ በር መቃን ቀጥ ብሎ ወጥቷል። በማስመሪያ ለክቼዋለሁ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር።

እትዬሽ የሠራችው የፊት ግራ ልክ አይደለም። እስከ ደረት ድረስ እንደ ሁልጊዜ ሥራዋ ነው፤ ያምራል። ከዚያ በላይ ግን በአንድ ወገኑ እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ ወደ ጎን እያዘነበለ ይሄዳል። ትከሻ ላይ ሲደርስ የቀረው እፍኝ የማይሞላ ነው። በሌላ ወገኑ ቀጥ ያለ ነው፤ በዚያኛው ግን መንገድ የሳተ ሰው ነው የሚመስለው። ቅርጫቱን ያነሣሁ ዕለት ነው ያየሁት። ለአንቺ መጻፍ አቃተኝ።

በታመመች ጊዜ ጠዋት ወደ ጋራዥ ልሄድ ስነሣ «ሂድ፣ እኔ ደህና ነኝ» ትለኝ ነበር። ደጅ ወጥቼ ዞሬ በመስኮቱ አያታለሁ። እጇ ይሠራል። እጇ ከሠራማ ደህና ናት እልና እሄዳለሁ። ማታ ስመለስም እዚያው ናት፤ እጇ ይሠራል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስንቅ ያደረግኩት ይህንን ነበር፤ ቢያማትም ልቧ አልጠፋም፣ የምትሠራውን ታውቃለች ብዬ። አሁን ሥራዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳየው፣ እጇ ይሠራ ነበር እንጂ የሚሠራውን አያውቅም ነበር። እኔ በመስኮት አይቼ ደህና ናት እያልኩ ስሄድ፣ እሷ እዚያ ወንበር ላይ ብቻዋን ጠፍታ ነበር ማለት ነው።

«ለምን አትመጣም?» ትዪኛለሽ። ይኼን እንዲህ ትቼው የት እሄዳለሁ?

ሰው እንዲያየው አልፈልግም። አንቺም ለብሰሽው ቁልቁል ባየሽ ቁጥር ያቺን ሕመሟን እንድታዪ አልፈልግም። መተርተር ነውር የለውም ብለሻል። እሑድ ያዘነበለውን ተርትሬ እንደ ቀኙ ቀጥ አድርጌ እደግመዋለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

ጩጬዬ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ ደግሜ መጻፌ ነው። እሑድ ተቀመጥኩ። መነጽሬን አደረግኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ያዘነበለውን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ልጀምር ስል ግን የምስበው ክር አጣሁ።

የእኔ ቀኝ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ክር አለው። የእሷ የለውም። ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ገለበጥኩት፣ ወደ ብርሃን አነሣሁት። ጫፉን የት እንዳደረገችው እንጃላት። ቀኑ በዚሁ አለቀ። ሰኞ ጋራዥ ይዤው ሄድኩና ለኮሎኔሉ አሳየሁት፤ እሱም በዚያ በሚኮራበት ዓይኑ ፈልጎ ፈልጎ፣ «ይኼ መቀስ ይፈልጋል» አለኝ።

መቀስ አምጥቼ ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ መቀሱንም ጨምረው ቢሉ ጥሩ ነበር። መልሼ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። የምትይውን እስክሰማ ይቆይ። ግን ብዙ አልቆይም፤ በተቀመጠ ቁጥር እኔም እያየሁት እውላለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 18

ወንድም ጋሼ!

መቀሱን አስቀምጥ። ሌላ ምንም ሳታደርግ መጀመሪያ መቀሱን አስቀምጥ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ዛሬ አንድ ላይ ደረሱኝ። ይኼን በፖስታ አልክም። ወደ እናንተ ከተማ የሚመላለሰውን አውቶቡስ ሹፌር ለምኜ፣ በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬው ነው የምልከው። አውቶቡሱ የሚጠገነው አንተ ጋ መሆኑን ሲነግረኝ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

አሁን ስማኝ። ያ ስህተት አይደለም። አንገት ነው።

ባለፈው ዓመት እትዬ «አንገቱ ምን ዓይነት ይሁንልሽ?» ብላ ጽፋልኝ ነበር። እኔም የሸሚዜ ኮሌታና የሥራ መታወቂያዬ መታየት አለባቸው፣ አለቃዬ ትቆጣለች፣ ስለዚህ ከደረት ጀምሮ ክፍት አድርጊልኝ አልኳት። የፊቱ ሁለት ወገን ከደረት በላይ ወደ ትከሻ እየጠበበ ካልሄደ አንገት ከየት ይመጣል? የግራው በመሀል በኩል ያዘነብላል፤ የቀኙም በመሀል በኩል ያዘነብላል። ሲገጥሙ መሀላቸው ይከፈታል። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ቱታ ለብሰህ ኖርክና የሹራብ አንገት እንዴት እንደሚወጣ አላየህም። ደረት ላይ ስትደርስ አቁም ያልኩህ ይህንኑ ልነግርህ ነበር! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ወንድም ጋሼ፣ የተሳሳትከው ቀጥ ያደረግከው አንተ ነህ። እሷ ልክ ናት።

ቃሌን ብቻ አትመን። ያዘነበለውን አውጣና ቁጠር። በየሁለት ረድፉ በመሀል በኩል አንድ ዓይን ቀንሳ ታገኛለህ። ሰው ሲጠፋበት አንዴ ሁለት ይቀንሳል፣ አንዴ ይረሳል፣ አንዴ በሌላው ወገን ይቀንሳል። እስከ ትከሻው ድረስ ቁጠርና የሳተችበት ካለ ጻፍልኝ።

ጫፉን ያጣኸው ደግሞ ስለደበቀችው ነው። እኛ አንድ ወገን ሲያልቅ የተረፈውን ክር በመርፌ እያሾለክን በዓይኖቹ መሀል እንደብቀዋለን፤ እንዳይተረተር። ጫፍ የሚደበቀው ሥራው ሲያልቅ ብቻ ነው። ስታቋርጥማ ተንጠልጥሎ ይተዋል። እትዬ አላቋረጠችም። የፊት ግራውን ጨርሳ፣ ጫፉን ደብቃ፣ መርፌዋን ድብልብሉ ላይ ሰክታ ነው የተወችው። ሁለታችሁም በመነጽርና በኮሎኔል ዓይን ፈልጋችሁ እንዳታገኙት አድርጋ።

በመስኮቱ ያየሃት ልክ ነበር። ደህና ናት ያልከው ልክ ነበር። ሕመሟን አልደበቀችህም አልልህም፤ ደብቃህ ይሆናል። የምትሠራውን ግን ታውቅ ነበር።

እባክህ ቶሎ ጻፍልኝ። መቀሱ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ጩጬህ


ታኅሣሥ 22

ጩጬዬ፣ የእኔ ዓለም፣

ሹፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ነው ጋራዡ ውስጥ ዘሎ የወረደው። «እህትህ ካልሰጠሁህ እንደ ሰው እንዳትቆጥረኝ አስምላኛለች» አለኝ። ደብዳቤሽን እዚያው አውቶቡስ ሥር ተኝቼ በባትሪ አነበብኩት። ከዚያ ቶሎ አልወጣሁም። ኮሎኔሉ ጎንበስ ብሎ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ዘይት ዓይኔ ገባ አልኩት። ጋስኬት ነው ያልኩት ጊዜ ያህል እንኳ አላመነኝም።

ቤት እንደገባሁ ቆጠርኩ። በየሁለት ረድፉ አንድ። አንድ። አንድ። መሀል ላይ እንድትሳሳት የፈለግኩ ይመስል እየደጋገምኩ ቆጠርኩ። እስከ ትከሻው ድረስ አንድም ቦታ አልሳተችም። የመጨረሻው ረድፍና የመጀመሪያው ረድፍ አንድ እጅ ናቸው። እኔ ጤነኛው በማስመሪያ እየለካሁ ስቼ፣ እሷ ከዚያ ሁሉ ሕመም ጋር አልሳተችም።

ሲርበኝ ተሰማኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ሾርባ ሠርቼ ጠጣሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨው ማነሱ ታወቀኝ። ለካ ይኼን ሁሉ ጊዜ እንዲሁ ነበር የምጠጣው።

ለመቀሱ አታስቢ፣ ለኮሎኔሉ ሰጥቼዋለሁ። ጺሙን ይከርክምበት።

ዛሬ ቀጥ ያለውን የእኔን ሥራ እስከ ደረት ተረተርኩት። ልክ እንዳልሽው ነው፤ ክሩ እንዳለ ተመለሰ፣ ትንሽ ተጨማዶ። ተርትሬ ስጨርስ ጠቀለልኩትና ሳላስበው ትራሴ ላይ አስቀመጥኩት። የእሷን ነገር ስትነግሪኝ ነው የተማርኩት እንግዲህ።

ወንድምሽ


ጥር 11

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከእትዬ ደብዳቤዎች ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። «የመጨረሻው ረድፍና የመጀመሪያው ረድፍ አንድ እጅ ናቸው» ያልከውን ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርህም።

አሁን ስለ ሥራው። የቀኙን ስትቀንስ ከግራው በተቃራኒ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተህ ወደ መሀል በሚመለከተው በኩል ቀንስ። እያንዳንዱን ረድፍ ከእሷ ጋር እያስተያየህ ሂድ፤ አብራችሁ እንደምትሠሩ ቁጠረው። ሲያልቅ ትከሻውን ግጠም፣ ጎኑንም ከብብት ወደ ታች ስፋ፤ ከላይ ግን ክንድ የሚወጣበትን ሳትሰፋ ተወው። እሱን ደግሞ ሰፍተህ «እጅጌ የሌለው ብለሽ የለ» እንዳትለኝ።

ማሰሪያ ቁልፉ እንደፈለግከው ይሁን።

ስትጨርስ በሹፌሩ ላክልኝ። ወይም ይዘኸው ና። ይኼኛውን በትንንሽ ፊደል የጻፍኩት አበቦቹና ጉልበትህ እንዳይሰሙብኝ ነው።

ጩጬህ


የካቲት 6

ጩጬዬ፣

ይኸው፣ ሰደርያሽ። ሹፌሩን እንደ እንቁላል እንዲይዘው ነግሬዋለሁ።

ቁልፎቹ ከአሮጌ ቱታዬ የወጡ ናቸው፤ ከእሷ ክር ጋር ይሄዳሉ ብዬ ነው። ካልወደድሻቸው ለውጪያቸው፣ አላኮርፍም። ባኮርፍም አትሰሚኝም። ቀኙን ስትነኪው ጠንከር ያለ ነው። አላላሁት፣ አላላሁት፣ ከዚህ በላይ እጄ አልታዘዘልኝም።

አንድ ነገር ግን አልጨረስኩም። በቀኝ በኩል ወገብ ላይ አንድ ክር ተንጠልጥሎ ታያለሽ። ጫፉ ነው። ልደብቀው መርፌውን ሾለክ አደረግኩና አወጣሁት። ደግሜ ሞከርኩ፣ አወጣሁት። ከደበቅኩት አለቀ ማለት ነው፤ አንቺው ነሽ ያልሽኝ። ከእሷ ጋር የያዝኩት የመጨረሻው ሥራ ነው፣ ጩጬዬ። እኔ አልቻልኩም። አንቺ ደብቂው።

ወንድምሽ


የካቲት 19

ወንድም ጋሼ፣

እጅህ ይባረክ። እጆቻችሁ ይባረኩ።

መስታወት ፊት ለብሼው ቆምኩ። ልክ ነው፤ ትከሻው ትከሻዬ ላይ፣ አንገቱ ኮሌታዬ ላይ። ግራው ለስለስ ብሎ ያርፍብኛል፣ ቀኙ ጥብቅ ብሎ ይይዘኛል። በግራ እትዬ አቅፋኛለች፣ በቀኝ አንተ እንዳልወድቅ ብሎኑን አጥብቀህልኛል። ዓይኔን ጨፍኜም ብሆን የትኛው የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ይኼ አይስተካከል፣ እንዲሁ ነው የምፈልገው። ቁልፎቹንም ማንም አይነካቸውም።

ጋስኬቱን ለአለቃችን አሳየኋት። ዞር አድርጋ አይታ «ይኼን ወንድምሽ ነው የሠራው?» አለችኝ። ቀጥላ የተንጠለጠለውን ክር አየችው። «ይኼ ማሽን ውስጥ ይገባል፤ ሳትደብቂው ለብሰሽ እንዳትገቢ» አለችኝ። ልክ ናት።

እኔ ግን አልደብቀውም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። እትዬ የራሷን ጫፍ ራሷ ደብቃለች። በዚያ ሁሉ ሕመም እንኳ ለሌላ ሰው አልተወችውም። ያንተንም መደበቅ ያለብህ አንተ ነህ። አለቀ ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔንም ያስለቅሰኛል። አብረን እናልቅሳለን።

ስለዚህ ሰደርያው ከቤቴ በር ጀርባ ያለው መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቅሃል፤ እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ እየተንቀጠቀጥኩ እጠብቅሃለሁ። ከእንግዲህ የሚበርደኝ ብርድ ሁሉ ባንተ ነው። ብታመም ለጎረቤቱ ሁሉ እናገርብሃለሁ።

ና።

ጩጬህ


መጋቢት 3

ጩጬዬ፣

ይኼን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እኔ ነኝ። የምጽፈውም ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ነው፤ ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ የመንገዱ ነው፣ የእጄ አይደለም። ሞተሩ ደግሞ አንድ ድምፅ አለው፤ ይኼ ጆሮዬ እንኳ ሰምቶታል። ስንደርስ ሳላየው አልተኛም።

ሰው ፊት ሆኜ ብዙ መናገር እንደማልችል ስለምታውቂ ቀድሜ ልጻፈው አልኩ። በር ላይ ስታገኚኝ ዝም ካልኩ ይኼን አንብቢ።

አበቦቹን ለኮሎኔሉ አደራ ሰጥቻለሁ። ኮፍያውን ለብሶ ሰላምታ ሰጥቶኛል፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፤ እንደ እውነተኛ ኮሎኔል። ጺሙ ግን አልተሸፈነም። መርፌዋ በሸሚዜ የደረት ኪስ ውስጥ ናት፣ በየጉድጓዱ ትወጋኛለች። እኔ እስክደርስ ክሩን እንዳትነኪው። ሾርባም እንዳትሠሪ።

ዛሬ ጠዋት ቤቱን ቆልፌ እንደ ልማዴ ደጅ ላይ ዞር አልኩ። በመስኮቱ ወንበሯን አየሁት። ደህና ናት አልኩና መንገዴን ጀመርኩ።

ወንድምሽ